ቅድመ አያትን በቆጠራ መዝገብ መፈለግ፦ ለማን ይሠራል? ለማንስ አይሠራም?

አሜሪካ በ1950 ያካሄደችው የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ለሕዝብ ተከፈተ። ወደ 151 ሚሊዮን ሰው የተመዘገበበት ወረቀት ነው። ማንም ሰው ያለ ክፍያ በስልኩ ገብቶ አያቱ በየትኛው ሰፈር፣ ከማን ጋር፣ በምን ሥራ ይተዳደሩ እንደነበር ማየት ይችላል። የቆጣሪው የእጅ ጽሑፍ ሳይቀር ይታያል።

የቅድመ አያታቸውን ስም ያገኙ ሰዎች የሚለጥፉት ፎቶ ከዚያ ወዲህ በማኅበራዊ ሚዲያ መዞሩን አላቆመም። ይህን ያየ አበሻም “የኛስ የት ነው ያለው?” ብሎ መጠየቁ አልቀረም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሶቹ ግን ተምታተዋል። አንዱ “ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሂድና ጠይቅ” ይላል። ሌላው “ቀጣዩ ቆጠራ ሲካሄድ ይታወቃል” ይላል። ሌላው ደግሞ “ምራቅህን ለዘረመል ምርመራ በፖስታ ላክና ይነግሩሃል” ብሎ ይገላገላል። ሦስቱ የሚያወሩት ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነው።

(የውጭ አገር ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። “ዓ.ም.” የተባሉት በኛው ነው።)

አንድ ቃል፣ ብዙ ሥራ

ለመምታታቱ አንዱ ምክንያት ቃሉ ራሱ ነው። “ዘር መቁጠር” ዛሬ በከተማ ወሬ ስድብ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሰውን በብሔሩ እየለዩ መመደብ ማለት ሆኗል። የጥንቱ ትርጉም ግን ሌላ ነው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዝላት እያሉ ወደ ላይ መውጣት ነው።

የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። መንግሥት በአንድ በተወሰነ ቀን አገሩ ውስጥ ያለውን ሰው ቤት ለቤት እየዞረ የሚመዘግብበት ሥራ ነው። የማንንም የዘር ሐረግ ለማስቀመጥ ታስቦ አያውቅም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ እንዲደረግ ያዘዘው የየክፍለ ግዛቱን የምክር ቤት መቀመጫ ለመደልደል ነው። ዘር ፈላጊው እንግዲህ መንግሥት ለራሱ ጉዳይ የጻፈውን ወረቀት ከዘመናት በኋላ ለሌላ ጉዳይ እያነበበ ነው። መዝገቡ ስለ አንዱ ብዙ ነግሮን ስለ ሌላው ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

ወረቀቱ ላይ ያለው

የመጀመሪያው የአሜሪካ ቆጠራ በ1790 ተካሄደ። እስከ 1840 ድረስ በስም የሚጻፈው አባወራው ወይም እማወራዋ ብቻ ነበሩ። የቀረው ቤተሰብ በፆታና በዕድሜ ተከፍሎ ቁጥር ሆኖ ይገባል። በ1850 ነፃ የሆነ ሰው ሁሉ በስሙ መመዝገብ ጀመረ። በ1880 ለዘር ፈላጊ ትልቁ ስጦታ መጣ፤ እያንዳንዱ ሰው ለአባወራው ምኑ እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድ ተጨመረ። ሚስት፣ ልጅ፣ አማት፣ ደባል ተብሎ ይጻፋል። በ1900 ደግሞ የልደት ወርና ዓመት፣ እናት ስንት ወልዳ ስንቱ በሕይወት እንዳለ፣ ስደተኛ ከሆነም በስንት ዓመተ ምሕረት እንደገባ ይጠየቅ ጀመር።

ፍለጋው የሚጀምረው ከቅርቡ ነው። በ1950 የ55 ዓመት ጎልማሳ የነበሩ አያት በ1940 እና በ1930 የራሳቸው ቤት አላቸው። በ1900 ግን በወላጆቻቸው ቤት የ5 ዓመት ልጅ ሆነው ይገኛሉ። በዚያች ቅጽበት ፈላጊው አንድ ትውልድ ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው፤ የቅድመ አያቱ ስም ከልጁ ስም በላይ ተጽፏል። ከዚያ ቅድመ አያትየውን ይዞ ወደ 1880 ይሄዳል።

በመሃል ግን ገደል አለ። በጃንዋሪ 1921 ዋሽንግተን በሚገኘው የንግድ መሥሪያ ቤት ሕንፃ እሳት ተነሥቶ የ1890ን መዝገብ አወደመው። ከእሳቱ የተረፈው በውሃ ርሶ ለዓመታት ከተቀመጠ በኋላ በ1930ዎቹ እንዲወገድ ተደረገ። ከ63 ሚሊዮን ገደማ ሰው ውስጥ ስሙ የተረፈው 6 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ከ1880 በኋላ ተወልዶ ከ1900 በፊት የሞተ ልጅ በቆጠራ መዝገብ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ስሙን ከሚሊዮኖች መካከል መልሶ ማግኘትም ሌላ ጣጣ ነው። ለዚህ የተበጀው ዘዴ ሳውንዴክስ ይባላል። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይይዝና ቀሪዎቹን ተነባቢዎች በድምፃቸው መመሳሰል ወደ ቁጥር ይቀይራል፤ አናባቢዎቹን ይተዋል። በኛ ፊደል ብናስበው “ሰ”ን እና “ሠ”ን፣ “ጸ”ን እና “ፀ”ን እንደ አንድ ቆጥሮ እንደመፈለግ ነው። ይህ ማውጫ በ1930ዎቹ በሰፊው የተሠራው ለዘር ፈላጊ ታዝኖ እንዳይመስላችሁ። በ1935 የጡረታ ሕግ ወጣ። የልደት ወረቀት የሌላቸው ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን ማረጋገጥ ነበረባቸው። የድሮ ቆጠራ ማስረጃ ሆኖ አገለገለ። ለዚህም ነው የ1880ው ማውጫ 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ያሉባቸውን ቤቶች ብቻ የያዘው፤ ጡረታ የሚደርሳቸው እነሱ ነበሩ።

የ1870 ግድግዳ

በ1850 “ነፃ የሆነ ሰው ሁሉ” በስሙ ተጻፈ ብለናል። ነፃ ያልሆነውስ? በ1850 እና በ1860 በባርነት የተያዙ ሰዎች በሌላ ቅጽ ላይ ተመዘገቡ። ስሙ የሚጻፈው የባለቤቱ ነው። ከሥሩ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የቆዳ ቀለም ይደረደራል። “ሴት፣ 24፣ ጥቁር” ይላል፤ ስም የለም። ጥቂት ቦታዎች ላይ ብቻ ስም የጻፉ ቆጣሪዎች ነበሩ።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ነፃ ወጡ። አብዛኞቹ ከነስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በቆጠራ የገቡት በ1870 ነው። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኋላ ሲፈልጉ እዚያ ዓመት ላይ ደርሰው ይቆማሉ። የዘር ጥናት ሰዎች “የ1870 ግድግዳ” የሚሉት ይህንን ነው። ከግድግዳው ማዶ ለመሻገር የራስን ቤተሰብ ትቶ የባለቤቱን ቤተሰብ ማጥናት ይጠይቃል፤ ኑዛዜውን፣ የሽያጭ ውሉን፣ የግብር መዝገቡን። ሰው እንደ ንብረት ተዘርዝሮ የሚገኘው እዚያ ነው። ከ1865 እስከ 1874 የሠራው፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ባንክም ብዙ ረድቷል። ደንበኛ ሲመዘግብ የወላጅና የወንድም እህት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ አንዳንዴም የቀድሞ ባለቤቱን ስም ይጠይቅ ነበርና።

በሩን የከፈተው ማን ነበር?

ወረቀት ስለሆነ ብቻ እውነት ነው ብሎ መቀበል የጀማሪ ስሕተት ነው። ቆጣሪው መታወቂያ አይጠይቅም፤ የነገሩትን ይጽፋል። ቤቱ ሰው ከሌለ ጎረቤት ይመልሳል። የ1940ው ቆጠራ ለዚህ ጥሩ መላ ነበረው፤ መልስ የሰጠው ሰው ስም አጠገብ በክብ ውስጥ የኤክስ ምልክት ይደረጋል። ምልክቱ ከልጁ አጠገብ ካለ የእናቱ ዕድሜ ላይ ጠርጠር ማድረግ ነው።

በሁለት ቆጠራዎች መካከል 7 ዓመት ብቻ ያረጀች ሴት ማግኘት የተለመደ ነው። በኢትዮጵያ ቆጠራዎችም በ0 እና በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ያላቸው ሰዎች ከሚገባው በላይ ይበዛሉ። 38 የሆነው “አርባ በለው” ይላላ! ስምም እንዲሁ ነው። ቆጣሪው የሰማውን በሚያውቀው ፊደል ይጽፋል። “ስማችን የተለወጠው ኤሊስ ደሴት (የኒው ዮርኩ የስደተኞች መግቢያ) ላይ ነው” የሚለው የብዙ አሜሪካውያን ቤተሰብ ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። የኤሊስ ደሴት ሠራተኞች ይዘው ይጠይቁ የነበረው መርከቡ ሲነሣ የተዘጋጀውን የመንገደኞች ዝርዝር ነው። ስሙን የሚለውጡት ብዙውን ጊዜ ሰዎቹ ራሳቸው፣ ኑሮ ከጀመሩ በኋላ ነው።

ለምን ይቆለፋል?

በአሜሪካ መዝገቡ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው። ደንቡ የመጣው በ1952 በቆጠራ ቢሮውና በብሔራዊ ቤተ መዛግብት መካከል ከተደረገ ስምምነት ሲሆን በ1978 ሕግ ሆነ። “72 የአማካይ ዕድሜ ነው” የሚል ማብራሪያ በሰፊው ይነገራል። ችግሩ በ1952 የአሜሪካውያን አማካይ ዕድሜ ከ70 በታች መሆኑ ነው። ካናዳ 92 ዓመት፣ እንግሊዝ 100 ዓመት ይጠብቃሉ። አውስትራሊያ ደግሞ ቅጾቹን ታስወግድ ነበር። በ2001 ነው ለፈቀደ ሰው ለ99 ዓመት ማስቀመጥ የጀመረችው፤ የተስማማውም ከሕዝቡ ግማሽ ጥቂት ከፍ የሚል ነበር።

ክርክሩ ሁለቱም ወገን የሚያዋጣ ነጥብ አለው። የታሪክ ሰዎች፣ ወረቀቱ ከጠፋ ባለሥልጣን ያልሆነ ሰው ከታሪክ ይጠፋል ይላሉ። እውነት ነው፤ የልብስ አጣቢ ስም ከቆጠራ ሌላ የት ይገኛል? የሚሰጉት ደግሞ ሰው እውነቱን የሚናገረው ምሥጢሩ እንደሚጠበቅ ሲያምን ነው ይላሉ። ስጋታቸው ባዶ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ምክር ቤት የቆጠራን ምሥጢርነት በሕግ አነሣ። ቢሮው ጃፓን አሜሪካውያን የት የት እንደሚኖሩ የሚያሳይ አኃዝ ሰጠ፤ ወደ 120 ሺህ ሰዎችም ተነቅለው ካምፕ ገቡ። በ2007 ተመራማሪዎች ያገኙት ሰነድ ደግሞ በ1943 የግለሰቦች ስምና አድራሻ ጭምር ተላልፎ እንደነበር አሳይቷል።

ቅጹ ላይ የሰው ብሔር በሚጻፍበትና ብሔር ሕይወት በሚያሳጣበት አገር ለመክፈት መቸኮል የለበትም ባይ ነኝ። ማቃጠል ግን መፍትሔ አይሆንም።

የኛ ቆጠራ ሩቅ አይሄድም

ኢትዮጵያ አገር አቀፍ ቆጠራ ያካሄደችው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። የተቆጠረው ሕዝብ በቅደም ተከተል ከ42፣ ከ53 እና ከ73 ሚሊዮን በላይ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ቢልም አራተኛው ደጋግሞ ተራዝሟል። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ማራዘማቸው ይታወሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቆጠራ እንኳ ከ1976 ዓ.ም. በፊት የሞተን አያት አያውቃቸውም። ቅጹ የቤተሰብ አባላትን በስም ይመዘግባል፤ ሕጉ ግን ግለሰብን የሚለይ መረጃ ከስታቲስቲክስ ውጪ እንዳይውል ይከለክላል። የሚታተመው ድምር ነው። ቀጣዩ ቆጠራ ነገ ቢካሄድ እንኳ የሚነግረን ስለ ዛሬ ነዋሪ እንጂ ስለ ምንዝላት አይደለም።

ወመዘክር ውስጥ ያለውስ? የብራና መጻሕፍት፣ የመንግሥት ደብዳቤዎች፣ የባለሥልጣናት ወረቀቶች አሉ። አያት ሹመት ከነበራቸው መሞከር ይቻላል። ገበሬ ከነበሩ ግን ተስፋው የመነመነ ነው።

የልደትና የሞት ምዝገባም ቢሆን ታሪኩ ያስገርማል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ እንዲኖር በዝርዝር ደነገገ። ያው ሕግ በመጨረሻዎቹ አንቀጾቹ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውል አገደው። ምዝገባው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መገባደጃ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ቆየ። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁሉ “የቤተ ዘመድ ስም” እንዲኖረው ይላል። ሕዝቡ ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እያለ ቀጠለ። ስለዚህ በየትውልዱ አዲስ ስም ከፊት ሲገባ አንድ ስም ከኋላ ይጣላል። ወረቀት ላይ አራተኛው ሰው የለም።

ርስት ያስጠናው ትምህርት

ታዲያ ሽማግሌዎቹ ሰባትና ስምንት ትውልድ ሳያደናቅፋቸው የሚወርዱት እንዴት ነው? በዋናነት መሬት ነው ያስጠናቸው። በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም የሰሜን አካባቢዎች የርስት መብት የሚገኘው ከአቅኚው አባት በመወለድ ነበር። በአባትም በእናትም በኩል ቢሆን ይሠራል። መሬት የሚጠይቅ ሰው እስከ አቅኚው ድረስ መቁጠር አለበት፤ ተከራካሪው ደግሞ ቁጥሩን ለመስበር ይመጣል። ትውልድ አዋቂ ሽማግሌ እንደ ጠበቃ የሚፈለግበት ጊዜ ነበር። በዚህ ላይ እስከ ሰባት ቤት አለመጋባት የሚለው ልማድ አለ። ሶማሌዎች ዘንድም ልጅ “አብቲርሲ” የሚባለውን የአባቶች ቁጥር በቃሉ ያጠናል።

ጽሑፍም ጭራሽ አልጠፋም። በጎንደር ዘመን የጉልት ስጦታና የመሬት ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። መሬት በቃላድ (በመለኪያ ገመድ) በተለካባቸው አካባቢዎች ደግሞ የግብር ካርኒ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ሰው በክርስትና ስሙ አንድ ቦታ፣ በዓለም ስሙ ሌላ ቦታ ተጽፎ ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል።

የቃል ቁጥርም እንደ ቆጠራ ወረቀት የራሱ ዝምታ አለው። መሬት ለማግኘት የሚቆጠር ስለሆነ መሬት ወደሚያስገኘው ያዘነብላል። መሃል ላይ ትውልድ ይዘላል። ስመ ጥር ሰው ከየአቅጣጫው ልጅ ይበዛበታል። በቤት ባርነት የኖሩ ሰዎች ደግሞ ቁጥሩ ውስጥ አይገቡም፤ ባርነት በሕግ ከቀረ ከ1934 ዓ.ም. በኋላም ልጆቻቸው ስለዚህ ማውራት አይቀናቸውም። የሚገርመው፣ በባሕር ማዶው ቅጽ ላይ ባዶ የቀረው ቦታና በኛ ሽማግሌ አፍ ላይ የሚዘለለው ሰው አንድ ዓይነት ሰው ነው።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። በትውልድ ቆጥሮ መሬት መጠየቅ አበቃ። ለብዙ ጭሰኛ ፍትሕ ነበር። ለትውልድ ቆጠራ ግን ሥራውን አሳጣው። የጋብቻው ሰባት ቤት ብቻውን ቀረ፤ ከተማ ውስጥ እሱም ላልቷል። ዛሬ ብዙ ወጣት ከአያቱ በላይ የማያውቀው ወላጆቹ ሰንፈው አይመስለኝም። የሚያስቆጥር ጉዳይ ስለጠፋ ነው።

ምራቅ ምን ይነግራል?

የዘረመል ምርመራ ስም አይሰጥም። በመቶኛ የተከፋፈለ ግምትና የተመረመሩ ዘመዶችን ዝርዝር ይሰጣል። ዘመዶችህ ካልተመረመሩ ዝርዝሩ ባዶ ነው። አደጋም አለው፤ በ2023 ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ ከተባለው ኩባንያ የ6.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች መረጃ ተሰርቋል። ኩባንያው ራሱ በ2025 ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ።

ባሕር ማዶ ያለው ቆጠራ

ትውልድ መቁጠር ጉዳይ ያጣው ሁሉም ጋ አይደለም። በቤተ እስራኤል ዘንድ እስከ ሰባት ትውልድ መቁጠር የጋብቻ ደንብ ነበር። በኋላ የጉዞ ፈቃድ ጉዳይም ሆነ። የእስራኤል መንግሥት በፌብሩዋሪ 2003 ባወጣው ውሳኔ በጎንደርና በአዲስ አበባ ሲጠብቁ ከነበሩት ፈላሻ ሙራዎች (አያት ቅድመ አያቶቻቸው ወደ ክርስትና የገቡ የቤተ እስራኤል ተወላጆች) መካከል በእናት በኩል የሚቆጠሩትን ለይቷል። በ1999 ተመዝግቦ የተዘጋጀ የስም ዝርዝርም መመዘኛ ሆኖ አገልግሏል። በእናት መስመር መቆጠር አለመቆጠሩ አንድን ቤተሰብ እዚህና እዚያ ሊከፍል ይችላል።

በአሜሪካ ያለው አበሻ ደግሞ ሳያስበው የቆጠራ መዝገብ ባለቤት ሆኗል። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በፊትና በኋላ የገቡት በ1980 እና በ1990 ቆጠራዎች ውስጥ አሉ። የመጀመሪያው በ2052፣ ሁለተኛው በ2062 ይከፈታል። ያኔ የሚፈልግ የልጅ ልጅ የሚገጥመውን ከአሁኑ መገመት አይከብድም። ጸጋዬ የሚለው ስም አንዱ ወረቀት ላይ በ“ቲ” ይጀምራል፤ ሌላው ላይ በ“ኤስ”።  የልደት ዓመት በኛ አቆጣጠር ተነግሮ ሳይቀየር የተጻፈበትም አይጠፋም። የባል የመጨረሻ ስም የአባቱ ወይም የአያቱ ነው። የሚስት የራሷ አባት ወይም አያት ነው። ልጆቹ ደግሞ የአባታቸውን ስም ይዘው ሦስተኛ ይሆናሉ። ለማያውቅ ሰው አንድ ቤት የተከራዩ ሦስት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ይመስላሉ። ዝምድናቸውን የሚያሳየው በ1880 የተጀመረው የዝምድና ጥያቄ ይሆናል።